ላሟ የላሰችው አመድ

ዳልጮን አልወደውም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ።

ወጣቱ ሁሉ በጥቃቅንና አነስተኛ እየተደራጀ ኮብልስቶን በሚያነጥፍበት ዘመን፣ እሱ ሶዶ ቁልቁለቱ ላይ ከቤታችን አጠገብ ግቢ ተከራይቶ የሞተ ባትሪ ይሰበስብ ነበር። የመኪናውን፣ የሞተሩን፣ የሶላሩን፣ ምኑ ቅጡ። በመጥረቢያ ይፈልጠዋል፤ አሲዱን ቦይ ውስጥ ይደፋል፤ እርሳሱን በብረት ድስት አቅልጦ ለአባያ ዓሣ አጥማጆች የመረብ ማስጠሚያ አድርጎ ይሸጣል። የተረፈውን ግራጫ አመድ ጓሮው ከምሮታል። ጭሱ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ራሱም ሲያስል ይውላል፤ ሲጠየቅ ግን ጉንፋን ነው ይላል። ሰው የሚመስለው አንድያ ልጁን ቤቴልን ሲያቅፍ ብቻ ነበር።

ቦዩ የሚወርደው በእትዬ የማርያምወርቅ እንሰት መሐል ነው። ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ከእንሰቱ ሌላ ያለቻቸው አንዲት ላም ናት። እንሰቱ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ መጥተው፣

"ዳልጮ፣ ጓሮዬን ገደልከው እኮ" አሉት።

"ዝናቡ ነው። ጭሱም ካስቸገረዎ አፍንጫዎን ይያዙ።"

ቀበሌ ከሰሱት። ክምሩን እንዲያጥር ተወሰነበት፤ አጠረ፤ ቂምም ያዘ። ሚስቱን ሰብለን "ከዚያች ሴትዮ ቤት እሳት እንኳ እንዳትጭሪ" አላት።

ክረምቱ ሲወጣ የአጥሩ አንድ ጎን ወደቀ። ላሟ ገብታ አመዱን ትልስ ጀመር። እትዬ የማርያምወርቅ ደስ አላቸው። ከቆላ የሚመጣውን ጨዋማ አፈር፣ ቦሌውን፣ ከብት ሲያገኝ እንዲሁ ነው የሚልሰው፤ ይኼም የዚያ ዓይነት መሰላቸው። ጭራሽ ጠዋት ጠዋት ራሳቸው እየነዱ ያመጧት ጀመር።

ዳልጮ ያያል። የራሱ ፍየል ከዚያው ክምር ልሳ፣ ዓይኗ ጠፍቶ መሞቷን ያውቃል፤ ኋላ በገዛ አፉ ነው የተናገረው። አጥሩን መልሶ ማቆም ቀላል ሥራ ነበር። "ትላስ፣ የታባቷ" ብሎ ተወው።

ላሟ ጥርሷን ማፋጨት ጀመረች። ቀጥሎ ዓይኗ ጠፋ፤ ከግንድ ጋር እየተላተመች ስትዞር ውላ ወደቀች። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ዳልጮ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ያን ጊዜ በድንጋይ ብፈነክተው ደስ ባለኝ።

እትዬ የማርያምወርቅ ወደ እሱ ሄዱ። ሊራገሙ መስሎን ነበር።

"ለሰብለ ንገራት። ለቤቴል ሌላ ወተት ትፈልግ።"

"ምን ወተት?"

"የላሜን ነዋ። የሰብለ ጡት ከደረቀ ጀምሮ በጓሮ በኩል የምሰጣት እኔ ነኝ። አንተ እንዳትሰማ ብላኝ ነው። ከሕፃን ጋር ምን ጠብ አለኝ?"

ቤቴል ከሰሞኑ ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች፤ ትናገረው የነበረውንም ቃል ትታለች። ዳልጮ ልጁን አንስቶ ወደ መናኸሪያ ሮጠ። ሰብለ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ዱቦ ሆስፒታል ድረስ አብሬ ሄድኩ።

"ምን ትመገባለች?" አለ ሐኪሙ።

"ወተት" አለች ሰብለ። "ንጹሕ የላም ወተት።"

"ላሟ ጤነኛ ናት?"

ሰብለ ስለ ላሟ መሞት ልትነግረው ስትል ዳልጮ ቀደማት።

"የባትሪ አመድ ስትልስ ነበር" አለ። "እንደሚገድል አውቃለሁ። እያየሁ ነው የተውኳት።"

ሰብለ ልጇን ከእቅፉ ወሰደችና ከእሱ ራቅ ያለው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።