ጠብ ከእርጥብ አፈር ሲሠራ

የበልግ ዝናብ የመካነ ሰላምን አቧራ ገና ሲነካው የሚነሣውን ሽታ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ ዘንድሮ ግን ሱቄን ከፍቼ ሽታውን በረጅሙ እየሳብኩ ሳለ፣ በሬዲዮ አንድ ባለሙያ «ጠበኝነት በሰው ደም ውስጥ ያለ ነው» ሲሉ ሰማሁና ተናድጄ ዘጋሁት። እኔ ጠብ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። እኛ ሰፈር የሚሠራው ከዚሁ ከእርጥብ አፈር ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ሳለን ከዘሃራ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። እናቷ ጅዳ ስለሄደች የምታድገው አክስቷ ዘንድ ነው፤ እሷ ቆሎ ከኔ ኪስ፣ እኔ እርሳስ ከሷ ቦርሳ ስናወጣ እየኖርን የማን የማን እንደሆነ ለኛም ጠፍቶን ነበር። ይህ ፍቅራችን ጌታቸው የሚባለውን የክፍላችንን ልጅ እንቅልፍ ነሣው። ጌታቸው ራሱ አንድም ቀን ተደባድቦ አያውቅም፤ ያላደባደበው ልጅ ግን አልነበረም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ መሃላችን ገብቶ አፈሩን ሁለት ቦታ ቆለለና፣ በየተራ እያየን «ይቺ ያንቺ እናት ጡት፣ ይቺ ደግሞ ያንቺ! እስቲ ማን ይረግጣል?» አለ። ልጁ ሁሉ ከቦን «ፈሩ! ፈሩ!» ሲል ዘሃራ እንባዋ እየመጣ የእናቴን ረገጠች፣ እኔም የእናቷን፤ ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የጨበጥኩትን ሹሩባዋንና ክንዴ ላይ ያረፈውን ጥርሷን ነው። ደሜ ፈልቶ ነበር፣ አልክድም። ግን ማን አፈላው? ፈሪ መባልን ፈራን እንጂ እኔና ዘሃራ ለአንድ አፍታ እንኳ አልተጠላላንም።

ቤት ገብቼ «ዘሃራ ጡትሽን ረገጠችው!» ብዬ ሳለቅስ እናቴ ደረቷን ዳበስ አድርጋ ሳቀች። «ጡቴማ ይኸው እዚሁ አለ፤ የምን መረገጥ ነው?» አለች። ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋና «እናቷ ባሕር ማዶ ያለችባትን ልጅ!» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በአንድ እጇ ማር በሌላው እኔን ይዛ ወደ ዘሃራ አክስት ቤት ገሰገሰች። ባገራችን ማር ከተቀባ አውራ ጣት የጠባ የጡት ልጅ ይሆናል፤ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ከወለዱት እኩል ይቆጠራል። እናቴ ጣቷን ነክራ ለዘሃራ አጠባቻትና «አብሽሪ፣ ከዛሬ ወዲያ የኔም ልጅ ነሽ» አለቻት። ዘሃራም እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ «እትዬ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ዛሬ የሚቆልሉት ጎልማሶች ናቸው፤ በስልክ ይቆልላሉ፣ ያንተ ወገን፣ የሱ ወገን እያሉ፤ ማር ይዘው የሚገሰግሱት ግን አንድ በአንድ እያለቁብን ነው። ቢሆንም ሰው ለመራገጥ ተፈጠረ የሚለኝን፣ የፈለገ ቢማር፣ እስክሞት አልቀበለውም።

እናቴ ባለፈው ኅዳር አረፈች። ዘሃራ እሷም እንደ ወላጅ እናቷ ጅዳ ነው የምትሠራው፤ ከቀብር መልስ ደውዬ አረዳኋት። እሷም በቁጣ፣ «ወላሂ አልምራችሁም! እናታችንን ያለኔ ቀበራችኋት?» አለች።