የፓትሮል ድምፅ ያላት ዲኤክስ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ የመኪና መለዋወጫ ሱቄ መጥቶ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «ብራዘር፣ ዲኤክስ ላይ የፒክአፕ ሞተር የሚያስቀምጥ ጎሚኒ አለህ?» አለኝ። ጎሚኒ ማለት ሞተሩና ሻንሲው እንዳይቧቀሱ መሃላቸው የሚገባ ላስቲክ ነው፤ የሽማግሌ ሥራ የሚሠራ ዕቃ። ለዲኤክስ የሚሆን የፒክአፕ ጎሚኒ ግን የትም አይሠራም። ይህን ያወቅሁት አንብቤ አይደለም። «የለም» ብዬ ሸኘሁት፤ ነጋዴ «የለም» ሲል ደረቱ ላይ የሚሰማው ነገር አለ፣ እሱ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ የናፍጣና የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ሲመላለስ ዋለ።

ያኔ እኔና ጓደኛዬ ጋዲሳ አስረኛ ክፍልን ጨርሰን ቡራዩ ውስጥ እንንቀዋለል ነበር። የእኔ ቤተሰብ ከሰሜን መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነው። የእሱ ዘመዶች ደግሞ አስፋልቱ ሳይመጣ ጀምሮ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ድንች የሚተክሉ፣ ላም የሚያልቡ ናቸው። እኔ ኦሮምኛ የለመድኩት በእነሱ ግቢ ነው፤ እሱ ዋጋ መከራከር የለመደው በእኛ ሱቅ። ከሁለታችን የተሻለ የተማረው እኔ ነኝ፤ እሱ እስከ ዛሬ ሲገዛ ይሸወዳል።

ዲኤክሷ የአባቱ የኦቦ ቶሎሳ ናት። ከአንድ አስተማሪ ላይ በአንድ ጥንድ በሬ ለውጠው ነው ያመጧት፤ ወተት ወደ ከተማ ታመላልሳለች ተብሎ። ትንሽ፣ ቤንዚን በማንኪያ የምትጠጣ የቤት መኪና ናት። በሬዎቹ ሲያርሱ ከረሙ፤ እሷ በሦስተኛው ወር ሞተሯ ነክሶ፣ አልዞር ብሎ፣ ከበረቱ ጎን ቆመች። ዶሮዎች የኋላ ወንበሯን ወረሱት። የጋዲሳ እናት፣ አዴ ጫልቱ፣ ጠዋት ጠዋት የመኪናዋን በር ከፍተው እንቁላል ይለቅሙ ነበር። ኦቦ ቶሎሳን መኪናዋን እንንካት ብለን ስንለምናቸው፣ «ካስነሳችኋት ንዷት። ካላስነሳችኋት ዶሮዎቼን አትረብሹ» አሉን።

እኛ ግን እንድትነሳ ብቻ አልፈለግንም። እንድትበር ነበር የፈለግነው። ሱሉልታ ሜዳው ላይ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ በሚሄድበት፣ እሁድ ጠዋት ከየከተማው ወጣቱ መኪናውን እያመጣ ይወዳደር ነበር። እዚያ ሁሉንም የሚያስከትል አንድ የሱሉልታ ልጅ፣ ትንሽ መኪናው ውስጥ ትልቅ ሞተር ያስገባ፣ በሰው ፊት ጋዲሳን «የእናንተ መኪና እኮ እንቁላል ጥላለች አሉ፤ ጫጩቶቹን ይዘሃቸው ና» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋዲሳ ከንፈሩን ነክሶ «ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሁድ እዚሁ ጠብቀኝ» አለ። ቃሉ ከአፉ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቡራዩ ጎረምሳ ሁሉ ባየን ቁጥር «ደረሰች?» ይለን ጀመር።

ሞተሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ሰበታ፣ ገደል ገብቶ ከተጨፈለቀ ፒክአፕ ላይ። ጉልበታም የናፍጣ ሞተር ነው። ሻጩ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «ይኼ ሞተር በዕድሜው አንድ ቀን አልታመመም» አለኝ።

«ታዲያ ማን ገደለው?»

«ሾፌሩ» አለ፣ ሳይስቅ።

ዋጋውን አልናገርም፤ እስከ ዛሬ ተከራክሬ እንዳልጨረስኩ ይሰማኛል። ሽንኩርት የጫነ መኪና ላይ አስጭኜው፣ እኔም ከጎኑ ሽንኩርቱ ላይ ተቀምጬ እያለቀስኩ ቡራዩ ገባሁ። ጋዲሳ ዓይኔን አይቶ በደስታ የማለቅስ መሰለው፤ እኔም አላረምኩትም።

ጋራዥ ያለው ሰው ሞተር የሚያነሳው በሰንሰለት ማንሻ ነው። እኛ ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አቁመን፣ ጫፉን አስረን፣ በኦቦ ቶሎሳ የእርሻ ጠፍር ጎተትነው። ሞተሩ አልገባም። ብረት ቆረጥን። ገባ፤ የሚቀመጥበት አጣ። ከአሮጌ አልጋ ብረት አውጥተን አስበየድንለት። ኮፈኑ፣ የሞተሩ ክዳን፣ አልዘጋ አለ፤ ኮፈኑን በሳነው። በመጨረሻ መሬት ስናስነካት በአፍንጫዋ ወደ ፊት ተደፋች፤ ሣር የምትግጥ ፍየል ነው የምትመስለው። ጭስ ማውጫውንም ከፒክአፑ ጋር የመጣውን እንዳለ ገጠምነው፤ ድምፁ እንዳይቀንስ ብለን። ይኼ የእኔ ሐሳብ ነበር።

በዚያው ሰሞን «ማስተር ፕላን» የሚለው ቃል በየቤቱ ገብቷል። አዲስ አበባ እየሰፋች መጥታ መሬቱን ትወስደዋለች ይባላል። ኦቦ ቶሎሳ ድንቻቸውን ሲያዩ መንገደኛ የሚሸኝ ሰው ይመስሉ ነበር። ተማሪው ለተቃውሞ ወጣ፣ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ሱቃችን ተዘግቶ ሰነበተ። ከዚያ ደግሞ ፓትሮሉ መጣ፤ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው የሚመጡበት ፒክአፕ። በቆመበት ደጃፍ ወጣት ይወሰዳል። ከጎረቤት አንድ ልጅ ተወስዶ ገና አልተመለሰም ነበር። አዴ ጫልቱ የፓትሮሉን ድምፅ ከውሻው ቀድመው ይሰሙታል። ሰሙ ማለት ጋዲሳን አንገቱን ይዘው ከቤቱ ጀርባ ድንች ማስቀመጫው ውስጥ ይከቱታል። እሱ አፈር አራግፎ ሲመለስ፣ እኔ ከመኪናዋ ሥር ሆኜ «የት ጠፋህ? ኪያቤውን አቀብለኝ» እለው ነበር። ለእኔ ያ ሁሉ ነገር ሥራ የሚያስፈታ ነገር ነበር።

ለውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ሞተሩ ተነሳ። ዶሮዎቹ አጥሩን ዘለሉት። ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው። ጋዲሳ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ «ስማው! ልክ ፓትሮል!» አለ። እኔም «ልክ ፓትሮል!» አልኩ። ሙገሳ ነበር። በወቅቱ ከዚያ በላይ ጉልበት ያለው ነገር አናውቅማ።

አዴ ጫልቱ ያን ጊዜ ወፍጮ ቤት ሄደው ነበር። ከተማው ሁለት ቀን ጸጥ ብሎ፣ ሱቆች ገና መከፈታቸው ነው። ጋዲሳ መሪውን ያዘ፣ ወደ ገበያው ወረድን። ገና ከርቀት ሰው መሮጥ ጀመረ። «አየህ፣ ሊያዩን ነው የሚሮጡት» አልኩት። ጋዲሳ ነዳጅ ጨመረላት። ከዚያ ሩጫው ወደ እኛ ሳይሆን ከእኛ እንደሆነ አየሁ። የሱቅ መዝጊያዎች እየተንኳኩ ወረዱ። አንድ ጎረምሳ ጫማውን ጥሎ አጥር ዘለለ። ቲማቲም የምትሸጥ ሴትዮ ቲማቲሟን በትና፣ «ዱፈን! ፊጊ!» ብላ ጮኸች፤ መጡ፣ ሩጥ ማለቷ ነው። የአባቴን ሱቅ ስናልፍ እንኳን አባቴ ራሱ ከውስጥ ሲቆልፍ አየሁት።

ጋዲሳ ፊቱ አመድ ሆነ። «እናቴ» አለ። መኪናዋን አዞረና ወደ ቤት ነዳት፣ በሞተሩ ጉልበት ሁሉ። ለመድረስ በቸኮለ ቁጥር ድምፁ እየባሰ እንደሚሄድ ሁለታችንም አላሰብንም።

አዴ ጫልቱ ከወፍጮ ቤት ተመልሰዋል። የግቢው ቆርቆሮ በር ከውስጥ ተዘግቶ፣ ግንድ ተደግፎበታል። በቀዳዳው ጀርባቸውን በሩ ላይ አድርገው እንደቆሙ ይታየኛል፤ ዱቄቱ እግራቸው ሥር ፈሷል። ልጃቸውን ቤት ውስጥ ሲያጡት ድንች ማስቀመጫው ውስጥ የገባ መስሏቸዋል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ኢልሚ ኮ ሂንጅሩ! ልጄ የለም! እዚህ ልጅ የለም!» ይላሉ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ የመጣው ሰው በየትኛው እንደሚሰማ ስላላወቁ።

«አዮ! እኔ ነኝ፣ ጋዲሳ!» አለ፣ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ።

ይኼን ሲሰሙ ጩኸታቸው ተለወጠ። የፓትሮሉ ሰዎች ይዘውት መጥተው እንዲጣራ የሚያስገድዱት መሰላቸው። «ልቀቁት! እሱ ምንም አላደረገም! ልቀቁት!» እያሉ በሩን በጡጫ መደብደብ ጀመሩ። ጋዲሳ ቢጮህ፣ እኔ ብጮህ፣ ሞተሩ ከሁላችንም በላይ ይጮሃል። መጨረሻ ላይ እጄን ሰድጄ ቁልፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጸጥታው ሲመጣ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

አዴ ጫልቱ ልጃቸውን ፊቱን፣ ትከሻውን፣ ክንዱን ዳበሱት። ከዚያ የተበሳውን ኮፈን አዩት። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ነጋዴው፣ በአገር ላይ ካለው ሞተር ሁሉ ይኼን መረጥክልኝ?»

አፌ አያርፍም። «አዴ፣ ጭስ ማውጫውን እንቀይረዋለን፣ ድምፁ ይቀንሳል። እስከ እሁድ ብቻ ይታገሡን» አልኳቸው።

«እስከ እሁድ ስንት ጊዜ ልሙት?»

እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሚኒባስ የተፈታ ጭስ ማውጫ ተሸክሜ ሄድኩ። ሦስቱ ግንዶች ቆመዋል፤ ሞተሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ጋዲሳ ብቻውን ጠፍሩን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ይዞታል፣ ፊቱ ጥቁር በጥቁር።

«አበድክ? ነገ እኮ ነው!»

«ያዝልኝ፣ ይወድቃል።»

«ፈርተው ቀሩ ይሉናል!»

«ይበሉና! እናቴ ይኼን ድምፅ ሰምታ ነው ልጄ የለም ያለችው። በሩ ላይ የቆመችው ያንተ እናት ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

ጭስ ማውጫውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ጠፍሩን ያዝኩለት። በሕይወቴ ሳልከራከር የፈጸምኩት ጉዳይ እሱ ብቻ ነው።

እሁድ ሱሉልታ ጠብቀውን ቀረን። ያ ልጅ እስከ ዛሬ ፈርተን እንደቀረን ያወራል አሉ፤ ያውራ። ሞተሩን ለተፍኪ አትክልት አልሚዎች ሸጥኩት፣ ውሃ መሳቢያ አደረጉት። ትንሿን ሞተር አሳድሰን መለስንላትና ዲኤክሷ ለዓመታት ወተት አመላለሰች፣ ማንንም ሳታስደነግጥ። ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ ከተማው ግን ፕላን ሳይጠብቅ መጣ። ድንቹ የነበረበት ቦታ ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ሆኗል። ኦቦ ቶሎሳ ይህን ሳያዩ አረፉ። ጋዲሳ አሁን የኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚነዳው፤ እናቱን ሊጠይቅ ሲሄድ መኪናዋ ድምፅ የላትም፣ ጥላ ነው የምትመስለው። አዴ ጫልቱ ግን በዚህም አልተደሰቱም። «እንደ ሌባ ድምፅህን አጥፍተህ አትምጣብኝ» ብለውት፣ ከመታጠፊያው ጀምሮ ጡሩምባ እየነፋ ነው የሚገባው።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ከእኛ የባሰ ነው የሚያብዱት። ብረት በቪዲዮ እያዩ ይቆርጣሉ፣ ጭስ ማውጫውን ከፍተው በሱቄ ደጃፍ ሲያልፉ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ሰውም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። እኔ ያ ድምፅ ሲመጣ ከመደርደሪያዬ ተነስቼ በር ላይ እቆማለሁ። ልቤ እንደ ድሮው ነው የሚዘለው፣ ሞተሩን ከድምፁ እለየዋለሁ። መጀመሪያ ግን መንገዱን ነው የማየው። ሽንኩርት የምትሸጠዋን፣ ልጅ ያዘለችውን፣ ከትምህርት ቤት የሚመጡትን። አንዳቸውም አልሮጡም። ሽንኩርቷን እየመዘነች ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዞሬ መኪናዋን የማየው።