የሺጌኖ ሦስት ደቂቃ

ሺጌኖ በሺኮኩ ደሴት፣ በአንዲት የፍል ውሃ ከተማ፣ በእንግዳ ማረፊያ ደጃፍ ጫማ መቀበል ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። የማን ጫማ የት እንዳለ ከልቧ ውስጥ እንጂ ከወረቀት አትፈልገውም። ወደ መታጠቢያው የሚወርደውን እንግዳ ሁሉ እንዲህ ብላ ትሸኛለች፦

«አደባባዩ ላይ ያለውን ሰዓት ሳያዩ እንዳይመለሱ። ሰዓቱ ሲሞላ ጣሪያው ወደ ላይ ይነሣል፤ አሻንጉሊቶቹ እየዞሩ ይወጣሉ። ከበሮ መቺዋ ከላይ ናት።»

በኅዳር አንድ ቀን፣ በየዓመቱ ለወገቡ የሚመጣው ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ኦሳኪ ነጠላ ጫማውን እያጠለቀ፣ «ለመሆኑ እርስዎ የትኛዋን ይወዳሉ?» አላት።

ሺጌኖ የያዘችውን ጫማ አገላበጠች። «እውነቱን ልንገርዎት? አይቻቸው አላውቅም።»

«ይቀልዳሉ።»

«ምን እቀልዳለሁ። ዘፈኑን ከዚሁ ሆኜ ጆሮዬ ጠግቦታል፤ ዓይኔ ግን ጦሙን ነው። ሰዓቱ ሲሞላ እንግዳ ይገባል፣ እንግዳ ይወጣል። በዕረፍቴ ቀን ደግሞ አልጋ ላይ የዋለች እናት ነበረችኝ። እሷ ካረፈች በኋላ፣ በዚህ ዕድሜዬ አሻንጉሊት ልይ ብዬ አደባባይ መቆሙም ፈቃድ መጠየቁም አሳፈረኝ።»

ኦሳኪ ያጠለቀውን አውልቆ በርጩማዋ ላይ ዘፍ አለ። «ለዐሥር ሩብ ጉዳይ ነው። ይሂዱ፣ እኔ አለሁ።»

«ኧረ በሞቴ ይነሡ! እሜቴ ቢያዩ ያባርሩኛል።»

የቤቱ እመቤት ቶሚዮ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። «ይኸው አባረርኩሽ» አለች ብቅ ብላ። «ሂጂ እንግዲህ፣ አንቺ አፈ ዝግ።»

ሺጌኖ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች። ከሰዓቱ ሥር እግር የሚነከርበት የፍል ውሃ ገንዳ አለ፤ ሕፃን ያቀፈች ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። የሰው ጫማ ሲያነሣ ሲጥል የኖረ ሰውነቷ እግሯ ውሃው ውስጥ ሲገባ ቀለል አላት። ደወሉ መታ። ጣሪያው ቀስ እያለ ተነሣ፤ ከሥሩ ታጥፎ የነበረው ፎቅ ተዘረጋ፤ አሻንጉሊቶቹ ወጡ። ከበሮ መቺዋ ከታች ነበረች። ሺጌኖ ብቻዋን ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሦስት ደቂቃው አልፎ ጣሪያው ሲከደን ተነሥታ ለሰዓቱ እጅ ነሣች።

ስትመለስ ኦሳኪ ላብ በላብ ሆኗል፤ ለአንዱ እንግዳ ሁለት የግራ ጫማ ሰጥቶ ቶሚዮ ይቅርታ እየጠየቀች ነው። ሺጌኖ ትክክለኛውን በአንድ እጇ መዝዛ አወጣችና ወደ ኦሳኪ ዞራ ተንበረከከች።

«ውለታዎ አለብኝ።»

«የምን ውለታ? ሥራው ወገቤን ቆረጠኝ እንጂ» አለ ኦሳኪ በርጩማውን እየለቀቀ። «ይህን ሃያ ሁለት ዓመት እንዴት ቻሉት?»

ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በርጩማው ላይ የምትቀመጠው ቶሚዮ ናት። ብርዱ ሲጠና ሺጌኖ ከጎረቤቷ ማሳ መንደሪን ለቅማ፣ በሣጥን ሞልታ ለኦሳኪ ላከችለት። ከላይ ባኖረችው ወረቀት «ዛሬም አይቼ መጣሁ» ብላ ጽፋለች።