የእትዬ ቁጥር

ሴትዮዋ ካልሲያቸውን አውልቀው እግራቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑት።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ የሚታይ እግር አይደለም።»

ሻርፑን ገለጥ ሳደርገው አውራ ጣታቸው ጎረቤቱ ጣት ላይ ተጋድሟል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት እንደ ሽንኩርት አብጦ ወጥቷል። ጄል ቀብቼ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አሳረፍኩበት።

«አውራ ጣትዎን ወደ ውጭ ይግፉት፣ እናቴ።»

ጥርሳቸውን ነክሰው ታገሉ። ጣቱ ወይ ፍንክች! ስክሪኑ ላይ ጡንቻው ሳስቶ ክር አክሏል።

ስለ እግር ጣት መጣመም ለምንሠራው ጥናት ቅጽ ስሞላ የጫማ ቁጥራቸውን ጠየቅኳቸው።

«ሠላሳ ስድስት።»

እግራቸውን ስለካው ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ።

«እሱማ የኔ ነው። ሠላሳ ስድስት የእትዬ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ቤታቸው ሳገለግል የሳቸውን አሮጌ ነው የተጫማሁት፤ አንድ ቀን ጫማ ገዝቼ አላውቅም» አሉኝ ኮራ ብለው።

ከዚያ እግራቸውን ጫማው ውስጥ ጠቀጠቁት። ፊታቸው እንኳ አልተኮማተረም።

«ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሲያርፉም አሥራ አንድ ጥንድ ትተውልኛል።»