ባለ አንድ ዓይን ምልምሎች

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ቡሬ ላይ፣ ጣልያን መሥሪያ ቤት ባደረገው ቤት በረንዳ ዋለ። የያዝኩት ሦስት የፍየል ጭራ ቡርሽ፣ ከሰል፣ የቆዳ ሙጫና አንድ ጥቅል ክር ነበር። ሥዕል ያስተማረኝ የለም፤ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየሁ ነው የለመድኩት። እዚያ የሄድኩትም ወድጄ አይደለም፤ ሁለት ወታደሮች መጥተው ወሰዱኝ።

የጣልያኑ ካፒቴን መዳፍ የምታክል ወረቀት አወጣ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በአገሩ በመዳብ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል መሆኑን አስተርጓሚው አቶ ደምሴ ነገሩኝ። ወታደር ሲመለመል ያሳያል፤ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ስም ይመዘግባል፣ ከበሮ መቺው ይመታል፣ ባለ ላባ ባርኔጣዎቹ ጦር ይዘው ተሰልፈዋል። ሱሪያቸው የተነፋ ስልቻ ነው። እሱን አጉልቼ ገበያው ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ ልሥለው፣ ገበሬውም አይቶ ባንዳ ለመሆን ሊሽቀዳደም ነው።

ቆጠርኳቸው። ሃያ ሦስት ሰዎች፤ ሁሉም በጎን የሚታዩ፣ ሁሉም ባለ አንድ ዓይን።

በእኛ አሣሣል ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚሰጠው ሰይጣንና ጭፍራው ነው። ይህን ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል።

«ጌታዬ፣ ፊታቸውን ወደ ሰው ላዙረው?» አልኩ።

ካፒቴኑ ጮኸ። አቶ ደምሴ ተረጎሙ፦ «አንዲት መስመር ብትለውጥ ቀኝ እጅህን አስቆርጣለሁ ይልሃል።»

ምክንያቱን አልጨመርኩም፤ ክሬን ፈታሁ። 

ወረቀቱንም ግድግዳውንም በክር እኩል ቁጥር ባላቸው አራት ማዕዘኖች ከፋፍዬ መስመር በመስመር ገለበጥኩ። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። አንዲት ላባ አላስቀረሁም።

በገበያ ቀን ሰው ግድግዳውን ከበበው። ከአገው ምድር ማር ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው እየጠቆሙ፣ «ሲኦል መሆኑንስ አየሁ፤ ያ የተቀመጠው ምን ይጽፋል ልጄ?» አሉኝ።

«የሚገቡትን ሰዎች ስም ነው፣ አባባ።»

«እኔን እንዳይጽፈኝ!» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ገበያው በሳቅ አውካካ። አንዲት ጌሾ ሻጭ ደግሞ፣ «ሱሪያቸውስ? ለመንገዱ ስንቅ ቋጥረውበት ነው?» አለች።

በዚያ ሳምንት አንድም ሰው አልተመዘገበም። ስም ሊሰጡ የመጡ ሁለት ወንድማማቾችን እናታቸው ከሰልፉ ጎትታ ወሰደቻቸው።

ካፒቴኑ ምክንያቱን ሲሰማ አስያዘኝ። እጄን ጠረጴዛ ላይ አስዘረጋኝ፤ አንድ ባለ ጎራዴ ወታደር አጠገቤ ቆሟል። «ሆን ብለህ አበላሸኸው» አለ።

«ይለካ» አልኩ።

እኔን በዘብ አስጠብቆ በራሱ የመለኪያ ኮምፓስ ግማሽ ቀን ለካ፤ አፍንጫ ከአፍንጫ፣ ላባ ከላባ። ስሕተት አጣ። ተመልሶም «ታዲያ ስለ ዓይኑ ለምን አልነገርከኝም?» አለ።

አቶ ደምሴን አየኋቸው። አለቃቸውን ማሳፈር ፈርተው ዝም ካሉ እጄ መቆረጡ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መጀመሪያ በጣልያንኛ፣ ቀጥሎ እኔም እንድሰማው በአማርኛ፣ «ላዙረው ወይ ብሎ ጠይቆዎት ነበር። የከለከሉት እርስዎ ነዎት፤ የተረጎምኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ካፒቴኑ እንደ በርበሬ ቀላ። ባለ ጎራዴውን አስወጣ። ከዚያ ኖራ አስመጥቶ ሥዕሉን ራሴው እንድለቀልቀው አዘዘኝ። የዘጠኝ ቀን ሥራዬን በማግስቱ ከምሳ በፊት አጠፋሁት፤ በሁለቱም እጄ።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ፦ አሠሪ ንድፍ ሲሰጣችሁ ያልጣማችሁን ነገር ቡርሽ ሳትነክሩ፣ ሰው በሰማበት ተናገሩ። ከዚያ ልክ እንደታዘዛችሁት ሥሩ።