የሰሌዳው እጣቢ

ልጆች ሳለን ጎንደር አዲስ ዓለም፣ ቁርአን በቀለም ተጽፎልን የምንቀራበት የእንጨት ሰሌዳ ሲታጠብ እጣቢው እንደ ማንም ውሃ ሜዳ ላይ አይደፋም ነበር። ሼኻችን እግር የማይደርስበት የግንብ ሥር ላይ እንድናፈሰው ያዙናል፤ ረስቶ መንገድ ላይ የደፋ ልጅ «ምነው፣ የአላህን ቃል ታስረግጣለህ?» ተብሎ ቁጣ ይወርድበታል። ከቁስቋም እየመጡ በመንግሥት ትምህርት ቤት አብረውን የሚማሩት የክርስቲያን ልጆችም ያው ነበሩ። የወደቀ ወረቀት ፊደል ካለበት አንስተው፣ ግንባራቸውን አስነክተው፣ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሸጉጡታል። ደብተራችን በጋዜጣ ይለበጣል፤ የጨረሰ ለተከታዩ ያወርሳል። እኔ ዘጠነኛ ክፍልን የተማርኩት በጎረቤት ልጅ ደብተር ነው።

አሁን የምኖረው ጂዳ ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ለእረፍት መጥቼ ጎንደር ወንድሜ ቤት አረፍኩ። የወንድሜ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው። የእህቴ ልጅ ደግሞ ከዳባት ገጠር መጥታለች። የእነሱ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ መምህራኑም ተበትነዋል። ለብቻዋ አጥንታ በግል ልትፈተን ቆርጣለች፤ ግን መጽሐፍ የላትም። ያላት ተስፋ የአጎቷ ልጅ ደብተሮች ናቸው። «እንደጨረስኩ ሁሉንም ውሰጂው» ብላታለች።

የትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ቀን የዳባቷ ልጅ ባዶ ከረጢት ይዛ «አክስቴ፣ በር ላይ እንጠብቃት» አለችኝ። ሄድን።

የደረስነው ወረቀት ሲዘንብ ነው። ተማሪዎቹ ደብተራቸውን እየቀደዱ ወደ ላይ ይበትናሉ፤ ዩኒፎርማቸው ላይ ቀለም ይረጫጫሉ፤ ቀሪዎቹ በስልክ ይቀርጻሉ። ባጃጁ በጽሑፉ ላይ ይመላለሳል፣ ሰው ይተፋበታል። አንዱ ጎረምሳ የታሪክ ደብተሩን ገንጥሎ የጫማውን ጭቃ ጠረገበት። አስተግፊሩላህ፣ የበሰበሰ ነገር የረገጥኩ ያህል እግሬን አነሳሁ። ጥበቃው እንኳ ይስቃል።

የወንድሜ ልጅ መሐል ላይ ቆማ ኬሚስትሪዋን ትቦጫጭቃለች።

«ምን እያደረግሽ ነው? ለእሷ አልነበር?» ብዬ ጮህኩባት።

«ውይ አክስቴ! ሁሉም ሲቀድ እኔ ብቻ ታቅፌ ልቁም? ከቴሌግራም ታውርደዋ!»

«እኛ ጋ እኮ ኔትወርክ የለም» አለች የዳባቷ፣ ቀስ ብላ።

«እንዲያውም ተገላገልሽ። ተምሮ ማን ሰው ሆነ? አክስቴ ዲፕሎማዋን ይዛ ጂዳ የሰው ድስት አይደል የምታጥበው?»

ጓደኞቿ አሽካኩ። ውሸት አልተናገረችም። ግን ድስት አጣቢ ሆኜም የተማርኩትን የረገጥኩበት ቀን የለም።

የዳባቷ ልጅ ጎንበስ ብላ መልቀም ጀመረች። እኔም ልብሴን ሰብስቤ አገዝኳት። ጭቃው፣ ምራቁ፣ የታኘከው ማስቲካ ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

«ኧረ ቆራሌዎች መጡ!» ብሎ አንዱ ስልኩን ደገነብን።

ቤት ገብቼ እጄን ደጋግሜ ብታጠብም ያ መዝለግለግ አልለቅ አለኝ። ወንድሜ ነገሩን ሰምቶ «ልጅነት ነው፣ ያልፋል» አለ። እሱም አስጠላኝ፤ የዚያው የአዲስ ዓለሙ ሼኽ ደረሳ ሆኖ አብሮኝ የቀራ አልነበር?

ዐሱር ሰግደን ስንጨርስ ልጅቱ ወረቀቶቹን ምንጣፍ ላይ ዘርግታ ቅዳጅ ከቅዳጅ ታጋጥም ጀመር። አንዱ ገጽ ላይ ግማሹ ጠፋባት። ይዛው ወደ አጎቷ ልጅ ሄደች።

«እዚህ ጋ ምን ነበር?»

የወንድሜ ልጅ ስልኳን ሳትለቅ አየት አደረገችው። «እኔ ምን አውቄ! ከሰሌዳ ገለበጥኩት እንጂ መች አነበብኩት።»

«እንግዲያ መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኛ» አለች ልጅቱ። አልሳቀችም። የጎደለውን ራሷ ልትሠራው እርሳስ አነሳች።

እኔም የሚያልፍ የሚያገድመው እንዳይረግጠው ወረቀቱን ወደ ግድግዳው ሥር አስጠጋሁላት።