የእሁድ ፍሬን

አብነት አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ ጋራዥ ደጃፍ ላይ መካኒኩ የአሮጌዋን መኪናዬን የኋላ ታምቡር ፈትቶ ሲያወርደው፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከአቧራው ጋር ተነስቶ አፍንጫዬን ሞላውና ከተቀመጥኩበት አስነሳኝ። "የግራው ቀድሞ እየያዘ ነው፤ አሁን ይደርሳል፣ አረፍ ይበሉ" አለኝ። እኔ ግን ማረፍ አልሆነልኝም፤ አንዴ ወደ አስፋልቱ እየወጣሁ፣ አንዴ ወደ ጋራዡ እየተመለስኩ ተንቆራጠጥኩ። መካኒኩ ሁለቱንም ጎማ ብቻውን፣ ማንንም ሳይጠይቅ ነው የሚሠራው፤ እኔ ደግሞ ከወዲያኛው ጎማ በኩል የሰው ድምፅ እየጠበቅኩ ነበር።

ልጅ ሳለሁ ጌጃ ሰፈር ውስጥ የእኛና የአጎቴ የታደሰ በር በአንዲት ቀጭን መንገድ ላይ ፊት ለፊት ይተያይ ነበር። በመሀል አባቴና አጎቴ ተዋጥተው የገዟት ሰማያዊ መኪና ትቆማለች፣ ግራ ጎኗን ለእኛ ደጅ፣ ቀኝ ጎኗን ለአጎቴ ደጅ ሰጥታ። መንጃ ፈቃድ የነበራት እናቴ ብቻ ስለሆነች ሁለቱንም ሥራ፣ እኔንም ትምህርት ቤት የምታደርሰን እሷ ነበረች። አያቴ ስታርፍ ግን ወንድማማቾቹ የእሷ አንዲት ክፍል ለማን ትሁን በሚል ተኳረፉ፤ ከዚያ ወዲያ አባቴ ከፊት፣ አጎቴ ከኋላ ከእኔ አጠገብ ተቀምጠው፣ በየመስኮታቸው ውጭ ውጭውን እያዩ መሄድ ሆነ።

ኩርፊያው ወደ ፍሬኑም ተሻገረ። የኋላ ፍሬን ሲስተካከል ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር እስኪነካ በካቻቢቴ ይጠብቅና ጥቂት ይላላል፤ ዋናው ነገር ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ ነው። እነሱ ግን መነጋገር ስለተዉ እያንዳንዱ በየደጁ በኩል ያለውን ጎማ በራሱ ልክ ያስተካክል ጀመር። አባቴ የጀሪካን ክዳን እንኳን ጎረቤት ተጠርቶ እስኪከፍተው የሚያጠብቅ ሰው ነው፤ አጎቴ ደግሞ "ይበቃታል" ማለት ይወዳል። እናቴ ፍሬን በያዘች ቁጥር መኪናዋ ወደ ግራ እየተሳበች የጠመንጃ ያዥ ሰፈርን አትክልት ሻጮች ታስደነግጥ ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናዋ በክሪክ ትነሳለች፤ እናቴ ነጠላዋን እንደለበሰች መሪው ኋላ ትቀመጣለች፤ እሷ ፍሬን ስትረግጥ እነሱ ጎማውን በእጅ እያዞሩ መያዙን ይፈትሻሉ። አባቴ ከግራው ጎማ ሥር "ርገጪ! ልቀቂ!" ይላትና "ያን ሰውዬ ያዘልህ ወይ በይው" ይጨምራል። አጎቴ ከቀኝ በኩል "ባልሽን የራሱን ያላላ በይው" ይመልሳል። አንድ እሁድ እናቴን አንገሸገሻት። "እኔ የማንም ተላላኪ አይደለሁም! እግሬን አበድራችኋለሁ፤ አፌን ግን ከዛሬ ጀምሮ አላበድርም" አለች። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ በተቀደደው በኩል ስፖንጁን እየነጨሁ ጠበቅኩ። በመጨረሻ አባቴ ለመኪናዋ ሆድ የሚናገር ይመስል "ያዘ?" አለ። "ይዟል። ያንተን ጥቂት መልሰው" አለው አጎቴ። እናቴ ፈገግታዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

ፍሬኑ ያን ቀን ተስተካከለ። ሰኞ እናቴ መሪውን በጣቶቿ ብቻ ነክታ ስታቆማት መኪናዋ እንደ ክር ቀጥ ብላ ቆመች። ቅዳሜ ማታ ግን ዓይኗን ሳታሽ "አሁንም ወደ ግራ ትጎትታለች" አለች። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። ሽማግሌ ማስታረቅ ያቃተውን ሁለት ወንድማማቾች እሷ በውሸት ታነጋግራቸው ጀመር፤ እኔም አንዳቸው "ደህና ናት እኮ" እንዳይሉ እየፈራሁ እሁድን በጭንቀት እጠብቅ ነበር። ከፍሬን በቀር ሌላ ነገር አይነጋገሩም፤ ስለ ክፍሏም ስለ እናታቸውም አንድም ቀን አላነሱም።

በኋላ ሰፈሩ ፈረሰ፤ የተኳረፉባት ክፍልም አብራ ሄደች፤ ዛሬ ቦታዋን አሳዪ ብትባል እናቴ ራሷ አታውቀውም። እኛ ሌላ ቦታ ፎቅ ቤት ገባን፣ መኪናዋም እኛ ዘንድ ቀረች፤ አጎቴ ራቅ ብሎ ጀሞ ገባ። እናቴ እየደወለች "ትጎትታለች" ስትለው መጀመሪያ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ላይ "ሰሞኑን እመጣለሁ" ማለት ለመደ። አባቴ እሁድ እሁድ በረንዳ ላይ ቆሞ ወደ ታች እያየ፣ ማንን እንደሚጠብቅ ሳይናገር ታመመ፤ ሞተም። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ለቅሶው ላይ አጎቴ እናቴን "መኪናዋ እንዴት ናት?" አላት።

"ወደ ግራ ትጎትታለች" አለችው።

ተነሳ። ጥቁር ኮቱን ሳያወልቅ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ዕድሜውን ሁሉ ነክቶት በማያውቀው በግራው፣ በአባቴ ጎማ ሥር ተንበረከከ። እናቴ ተከትላው መሪው ኋላ ገባችና ረገጠች። አጎቴ ጎማውን ይዞ፣ ማንም ወደሌለበት ወደ ቀኙ በኩል "ያዘ?" ብሎ ተጣራ። እሱ ግንባሩን ጎማው ላይ ደፍቶ ቀረ፤ እናቴም "ልቀቂ" የሚላት አጥታ ፍሬኑን እንደረገጠች ቆየች።